ጭራሮ ፒያኖ ያቆመች ጊዜ

ልጅቷ ለፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀራት የግራ እጇን የቀለበት ጣት በፋሻ ተጠቅልላ መጣች። እናትየው ከደጅ ሳትገባ፣ «በር ተዘግቶባት ነው እትዬ። አጥንቱን ምንም አላገኘውም ብለውናል፤ ጥፍሩ ግን መውደቁ አይቀርም» አለች። እናትየው ከአስፋልቱ ማዶ ያለው መድኃኒት ቤት ፋርማሲስት ናት። ፋሻውን ራሷ ስለጠቀለለችው ጥንቅቅ ያለ ነበር።

መምህርቷ ጣቱን ስታይ ቀድሞ የመጣላት ፈተናው ነው። በኋላ፣ ነገሩ ሁሉ ከታወቀ ወዲያ፣ ደጋግማ የምታስበው ይህንኑ ነበር፤ «አመመሽ ወይ?» ለማለት እንኳ አፏ አልፈጠነም።

«ቀኝ እጇስ?» አለች።

«ቀኙ ደህና ነው።»

«እንግዲያው በቀኙ እንሠራለን። ጊዜ የለንም። ነይ ጭራሮ፣ ግቢ።»

ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከተወለደች ጀምሮ ከሲታ ስለነበረች አባቷ ጭራሮ ብሎ ጠራት፤ ስሙም ተጣብቆባት ቀረ። ቦርሳዋን መንጠቆው ላይ ሰቀለች፤ ወንበሯ ላይ ወጣች፤ የታመመውን እጇን ጭኗ ላይ አሳርፋ ቀኙን አዘጋጀች። አርባ አምስት ደቂቃ ሙሉ አንድም ሳትሳሳት ተጫወተች። ወደ መጨረሻው ግን ድምፅ ሳታሰማ እንባዋ ይወርድ ጀመር፤ ነጮቹ ቁልፎች ላይ ጠብ ጠብ አለ። መምህርቷ ከመደርደሪያው ቢጫ ጨርቅ አንስታ ቁልፎቹን ጠረገችና፣ «ቀጥዪ» አለች።

ክፉ ሴት ሆና አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምራለች፤ በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ልጅ መትታ አታውቅም፤ በዚህም ትኮራ ነበር። እሷን ያስተማሯት ሰውዬ በማስመሪያ ጠርዝ የጣት አንጓ ሲመቱ ነው የኖሩት። እሷ ማስመሪያውን የምትጠቀምበት ከልጁ አንጓ በታች ይዛ እጁ እንዳይወርድ ለመጠበቅ ብቻ ነው። ከዚያ ሌላ አንድ ላጲስ አላት። ላጲሱን በልጁ መዳፍ ጀርባ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ እጁ ተናውጦ ላጲሱ ከወደቀ ልምምዱ ከመጀመሪያው ይጀመራል። አንድ ልጅ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ዜማ የሚባል ነገር አይነካም። ጣት ብቻ ነው። ጣቶቹም ቁጥር አላቸው፤ አውራ ጣት አንድ፣ ትንሿ ጣት አምስት። እሷ ከጎን ቆማ ትቆጥራለች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ልጆቹ በሌለችበት «ቆጣሪዋ» ይሏታል። ታውቃለች፤ ስሙንም አልጠላችውም።

ከእሷ እጅ ወጥቶ በሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ዓመታዊ ፈተና የወደቀ ልጅ የለም ይባል ነበር። ወላጆች ልጃቸው ገና አራት ዓመት ሳይሞላው ስሙን ሊያስመዘግቡ ይመጣሉ። እሷም አፏን ሞልታ፣ «ሁለት ዓመት ይጠብቁ» ትላለች። ከአሥራ ዘጠኙ ተማሪዎቿ ሁሉ ደግሞ ተስፋ የጣለችው በጭራሮ ላይ ነበር። ልጅቷ ጆሮ አላት። አንድ ጊዜ የሰማችውን አትረሳም። የምታስቸግራት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ የግራ እጇ አራተኛ ጣት ይጎተታል። ሌሎቹ ሲሮጡ እሱ ወደ ኋላ ይቀራል። «ይኼ ሰነፍ ጣት» ትላት ነበር መምህርቷ፣ በእርሳስ ጫፍ ነካ እያደረገችው። «ይኼን ሰነፍ ጣትሽን ምን እናድርገው?»

በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ፣ በልጅቷ ሰዓት፣ እናትየው ብቻዋን መጣች። የሥራ ነጭ ካፖርቷን እንኳ አላወለቀችም። መምህርቷ ከኋላዋ አሻግራ አየች።

«ጭራሮስ?»

«ቤት ናት። ልቀመጥ እትዬ?»

ወላጆች የሚጠብቁበት ወንበር ላይ ተቀመጠች። የካፖርቷን ቁልፍ ፈታች፤ መልሳ ቆለፈችው። መምህርቷ ሰዓቷን አየች፤ ልማድ ነው።

«ጣቷን በር አልዘጋባትም» አለች እናትየው። «ራሷ ናት ያደረገችው።»

«እንዴት ራሷ?»

«አክስቷ ናት ያየቻት። ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር። ጣቷን በመታጠቢያ ቤቱ በር ማጠፊያ በኩል አስገባች። ከዚያ ቆጠረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብላ፣ በአራት ላይ በሩን በእግሯ ገፋችው። አክስቷ እየቀለደች መስሏት ነበር። ለእኔ ለመንገር ሳምንት ፈጀባት፤ እየፈራች።»

መምህርቷ ክው አለች። 

«እኔ መጀመሪያ ፈተናውን ሸሽታ ነው ብዬ አሰብኩ» አለች እናትየው ቀጥላ። «ትናንት ተቀምጠን ጠየቅኋት። ፈተናው ስላስፈራሽ ነው ወይ? አይደለም አለች። ታዲያ ለምን? ስላት ምን እንዳለችኝ ያውቃሉ? ‹ሰነፍ ስለሆነ ነው› አለችኝ። ጣቷን ነው። ‹ሁልጊዜ ላጲሱን የሚጥለው እሱ ነው፤ ቀጣሁት› አለችኝ።»

ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ሁለቱም ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ የሚያዩት ነገር ግን አልነበረም።

«እኔ ልጅ መትቼ አላውቅም» አለች መምህርቷ በመጨረሻ። ይህን ማለቷ ራሷን አሳፈራት፤ ግን አንዴ ከአፏ ወጥቷል።

«መቱ አላልኩም እትዬ። እኔም አልመታኋትም። ግን ከሥራ ስመለስ ከጎኗ ቆሜ ሃያ ጊዜ አስደግማት ነበር። እርስዎ ያዘዙት አሥር ነው። እኔ ነኝ ሃያ ያደረግሁት።» እናትየው በካፖርቷ እጅጌ አፍንጫዋን ጠረገች። «እርስዎን ልከስ አልመጣሁም። ልነግርዎ ነው የመጣሁት። ጭራሮ ከእንግዲህ አትመጣም።»

ተነስታ ሄደች። ተከታዩ ተማሪ እስኪመጣ ድረስ መምህርቷ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

በዚያ ቀን ማስተማሯን አልተወችም፤ ሥራ ሥራ ነው። በሩ ተንኳኳ፤ ሁለት የስምንት ዓመት መንታ እህትማማቾች ገቡ። አንደኛዋ ተቀመጠች፤ ላጲሱ ተቀመጠ፤ መምህርቷም ማስመሪያዋን ይዛ መቁጠር ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራት ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተቆረጠ። ከመጀመሪያው ጀመረች። እንደገና ሦስት ላይ ቆመ። ያን ጊዜ ነው ተራዋን የምትጠብቀዋን መንታ ያየቻት። ልጅቷ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትከሻዋን እስከ ጆሮዋ ሰቅላለች፤ ከንፈሯ ሳይሰማ ይቆጥራል፤ ጣቶቿ ጉልበቷ ላይ ተቆልምመው ቀርተዋል። ይህ አቀማመጥ ለመምህርቷ አዲስ አልነበረም። ሠላሳ አንድ ዓመት ያየችው ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ግን ትኩረት ነው ብላ ታምን ነበር።

ቅዳሜ ልጇን ልታይ ሄደች። ልጇ የጥርስ ሐኪም ናት፤ በከተማው ሌላ ጫፍ አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ከሰባት ዓመቷ እስከ አሥራ አምስት ዓመቷ ከእናቷ ዘንድ ፒያኖ ተምራ አንድ ቀን ተወችው። ከዚያ ወዲህ ስለ ፒያኖ በመካከላቸው ተነስቶ አያውቅም፤ ሆድ ይፍጀው ብለው ሁለቱም ዘግተውታል። መምህርቷ የጭራሮን ነገር ከመነሻው እስከ መድረሻው ነገረቻት። ልጇ ሳታቋርጥ ሰማቻት።

«አንቺም ትፈሪኝ ነበር?» አለች መምህርቷ።

«እማዬ፣ ሆዴን ያመኝ እንደነበር ታስታውሻለሽ?»

«እንዴት አላስታውስም? ሦስት ሐኪም ጋ ወስጄሻለሁ። የወስፋት መድኃኒት ተሰጠሽ።»

«በየትኛው ቀን ነበር የሚያመኝ?»

መምህርቷ አሰበች። ማክሰኞ ነው። ማክሰኞና ዓርብ።

«ወስፋት እኮ ቀን መርጦ አይነሳም» አለች ልጇ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከረች። «ሐኪም ስሆን ገባኝ። አንቺን ልነግርሽ ግን ምን ያደርጋል? አንቺ ለእኔ ብለሽ ነው። እኔም አንቺን ላለማሳዘን ብዬ ስምንት ዓመት መድኃኒቱን ዋጥኩ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬሽ ነበር። አንዴ። ‹ጀርባሽን አቅኚ› አልሽኝ።»

መምህርቷ ይህን አላስታወሰችም። ያላስታወሰችው ነገር ደግሞ ከምታስታውሰው ሁሉ ይልቅ ከነከናት። በአውቶቡስ ወደ ቤቷ ስትመለስ ፊቷን ወደ መስታወቱ አዙራ ነበር፤ ስንት ልጅ፣ ስንት ማክሰኞ፣ እያለች።

ሰኞ ላጲሱንና ማስመሪያውን መሳቢያ ውስጥ ከተተቻቸው። መቁጠሯንም ተወች። መንታዎቹ ሲመጡ ፒያኖው ፊት ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸውና፣ «ዛሬ የፈለጋችሁትን ተጫወቱ» አለቻቸው። ልጆቹ ተያዩ። አንድም ጣት አልተነሳም። አዲስ ዓይነት ፈተና ነው ብለው ገምተዋል። ከብዙ ቆይታ በኋላ አንደኛዋ በአመልካች ጣቷ አንዲት ቁልፍ ነካችና ወዲያው ዞራ የመምህርቷን ፊት አየች። መምህርቷ ለመሳቅ ሞከረች። ስትስቅ አይተዋት ስለማያውቁ ይበልጥ ፈሩ።

ከእነሱ ቀጥሎ የመጣው ልጅ ግን አልፈራም። የፈለግከውን ሲባል ቁልፎቹን በክንዱ ሙሉ ወቀጣቸው፤ ግማሽ ሰዓት ሙሉ። መምህርቷ ራሷን ይዛ ተቀመጠች። ሳምንቱ እንዲህ አለፈ፤ ሁለተኛውም። መንታዎቹ ቀስ በቀስ ደፈር አሉ፤ መሳቅ ጀመሩ፤ ግን አንድም ነገር አልተማሩም። መምህርቷም ይህን አልሳተችውም። የታሰረ ፈረስ ፈትቶ ሜዳ ላይ መልቀቅ መጋለብ ማስተማር አይደለም። የቀድሞውን መንገድ ጥላለች፤ ሌላ መንገድ ደግሞ አታውቅም። በሃምሳ ስምንት ዓመቷ፣ የገዛ ሥራዋ ውስጥ፣ እንደ ጀማሪ ግራ ገብቷት ቆመች።

የመንታዎቹ አባት ዳኛ ነው፤ ቁጥብና ጨዋ ሰው። አንድ ቀን ልጆቹን መኪና ውስጥ አስቀምጦ ብቻውን ገባ።

«እትዬ፣ ልጆቼ ከእርስዎ ዘንድ ሲወጡ ቤት እስክንደርስ ዝም ይሉ ነበር። አሁን እስከ ቤት ድረስ ይስቃሉ።»

«ይኼ መጥፎ ነው?»

«ምን እየተማሩ ነው ብዬ ልጠይቅ ነው።»

መምህርቷ ልትዋሸው አልፈለገችም። «አላውቅም» አለችው። «የበፊቱ እንደሚጎዳ አውቄያለሁ። በምን ልተካው እንደሚገባኝ ገና አላወቅሁም።»

ዳኛው አንገቱን ነቀነቀ። በእርጋታ አመስግኗት ወጣ፤ መንታዎቹም ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀሩ። እነሱን ተከትለው ሌሎችም ቀሩ። ፈተናው አለፈ፤ ከእሷ የቀረቡት ዘጠኝ ልጆች ነበሩ፤ ሦስቱ ወደቁ። በሠላሳ አንድ ዓመት ያልታየ ነው።

ከፈተናው በኋላ ወደ ጭራሮ ቤት ሄደች። ከመሄዷ በፊት መድኃኒት ቤት ገብታ እናትየውን አስፈቀደቻት። «ልመልሳት ብዬ አይደለም» አለቻት። «ይቅርታ ልጠይቃት ነው።» እናትየው ትንሽ አመነታችና፣ «እሷ ካልፈለገች ግን አላስገድዳትም» አለች።

ልጅቷ በረንዳ ላይ መሬት ተቀምጣ ወረቀት በመቀስ ትቆርጣለች። መምህርቷን ስታይ እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀች። መምህርቷ ወንበር አልፈለገችም፤ ጉልበቷ እየተንቋቋ እሷም መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ጣትሽ እንዴት ነው?»

«አዲስ ጥፍር እያወጣ ነው። ግን ጠማማ ነው።»

«ጭራሮ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው የመጣሁት። ሰነፍ ጣት የሚባል ነገር የለም። አራተኛው ጣት ከጎረቤቱ ጋር በጅማት ስለተያያዘ ብቻውን መነሳት ይቸግረዋል። የሁሉም ሰው እንዲሁ ነው። የእኔም። እዪ።» መምህርቷ መሃከለኛ ጣቷን አጥፋ እጇን ሲሚንቶው ላይ አኖረች፤ ሌሎቹን ጣቶች አንድ በአንድ አነሳች። አራተኛው አልነሳም አለ። ልጅቷ ጎንበስ ብላ አየችው። ከዚያ ቀኝ እጇን አውጥታ እንዲሁ አድርጋ ሞከረች። የእሷም አልተነሳም።

«ይኼን ያውቁ ነበር?» አለች።

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ሰነፍ ነው ይሉት ነበር?»

«እኔንም እንደዚያ እያሉ ስላስተማሩኝ ነው።»

ልጅቷ ይህን መልስ ብላ የተቀበለችው አትመስልም። መቀሷን አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠችው።

«አጥፍቻለሁ» አለች መምህርቷ። «ይቅርታ አድርጊልኝ። ጥፋቱ የጣትሽም የአንቺም አይደለም።»

ጭራሮ እሺም አላለችም፣ እምቢም አላለችም። ይልቁንም፣ «እርስዎ ግን ይችላሉ?» አለች።

«ምኑን?»

«ፒያኖ። ሲጫወቱ ሰምቼ አላውቅም።»

መምህርቷ ልትስቅ ነበር፤ ሳቁ ግን መንገድ ላይ ቀረ። ልጅቷ ሁለት ዓመት ተኩል፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ እሷ ዘንድ ተመላልሳለች። እውነቷን ነው። አንድም ቀን አልሰማቻትም። እሷ የምትቆጥር፣ የምታርም፣ በእርሳስ የምትነካ ሰው ናት። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት በሙዚቃ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ ሰው በሞላበት፣ አንድ የሙዚቃ ድርሰት መሃል ላይ እጇ ደርቆባት ጨርሳ መጫወት አቅቷት ተነስታ ወጥታለች። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ተቀምጣ አታውቅም። «ጊዜ የለኝም» እያለች ነው የኖረችው፤ ሰዎቹም አመኗት፤ እሷም አመነችው።

«እችል ነበር» አለች ለልጅቷ። «አሁን ግን እፈራለሁ።»

ጭራሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ዓይን ዓይኗን አየቻት።

በማግስቱ የመጀመሪያዋ ተማሪ የፊት ጥርሶቿ የወላለቁ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። መምህርቷ ወንበሩን ለራሷ ሳበችና፣ «ዛሬ እኔ ነኝ የምጫወተው፤ አንቺ ስሚ» አለቻት።  በልጅነቷ የምትወደውን አጭር ዜማ ጀመረች፤ አጋማሹ ላይ ሳተች።

«ተሳሳቱ» አለች ልጅቷ ወዲያው።

«አዎ፣ ተሳሳትኩ።»

«ከመጀመሪያው አይጀምሩም?»

«አይ። ከዚሁ እቀጥላለሁ።»

ልጅቷ ይህን አሰላሰለችው። ከዚያ የተቀመጠችበትን በርጩማ እየጎተተች መጥታ ከጎኗ ተሸጎጠች፤ የቀረውን እጆቿን እያየች ሰማቻት። ሲያልቅ ዜማውን በአፏ አንጎራጎረችው፤ በወላቃ ጥርሷ እያፏጨች፤ ሁለት ቦታ ሳተችው። መምህርቷ፣ «እስኪ የመጀመሪያዋ ድምፅ የት እንዳለች ፈልጊልኝ» አለቻት። ልጅቷ በአንድ ጣት ስትዳስስ፣ ስትስት፣ ተመልሳ ስትፈልግ ቆይታ አገኘቻት። ያን ዕለት ያገኘችው ሦስት ድምፅ ብቻ ነው። ግን ስትሄድ ሦስቱን እያንጎራጎረች ነበር የወጣችው።

መንገዱ እንደዚህ ተጀመረ። መጀመሪያ መስማት፤ ቀጥሎ በአፍ ማለት፤ ከዚያ በጣት መፈለግ፤ የእጅ አያያዝና ወረቀቱ ላይ ያለው ምልክት ደግሞ ልጁ ራሱ ሲፈልጋቸው። በየትምህርቱ እሷ አንድ ነገር ትጫወታለች፤ ስትሳሳት አትደብቅም። ይህ ሁሉ ግን እንደ ማር አልተዋጠላትም። የልጆቹ አንጓ ወርዶ ስታይ እጇ ወደ መሳቢያው ይሄዳል። የተዛነፈ ዜማ ስትሰማ ጥርሷን ትነክሳለች። አንዳንድ ቀን፣ በድሮው መንገድ ቢሆን ይህ ልጅ የት በደረሰ ነበር፣ ትላለች። እንዲህ ስትል ደግሞ ያ የመታጠቢያ ቤት በር ይመጣባታል።

የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር በወሩ መጣ። አርባ ዓመት የሞላው፣ ሁልጊዜ የሚቸኩል ሰው ነው፤ በልጅነቱ የእሷ ተማሪ ነበር።

«እትዬ፣ ይኼ አዲስ ፈሊጥ የት ያደርሰናል?» አላት። «ወላጆች እኔ ዘንድ እየመጡ ነው። ሦስት ልጅ ወደቀብዎ።»

«አውቃለሁ።»

«እኔ በእርስዎ ላጲስ ነው ያደግሁት። ምን ሆንኩ? ሰው ሆንኩ።»

«ሰውስ ሆነሃል» አለች። «ልጠይቅህ። መጨረሻ የተጫወትከው መቼ ነው?»

«ሥራ ይበዛብኛል እኮ።»

«መቼ?»

ዳይሬክተሩ ቁልፎቹን አሻግሮ አየ፤ ከዚያ ዓይኑን ሰበረ። «ዘጠኝ ዓመት ይሆነዋል።»

«ስንት ልጅ አስተምሬ ስንቱ እንደሚጫወት ቁጭ ብዬ አስቤዋለሁ። የማውቃቸውን ሁሉ። አምስት ናቸው። አምስት ብቻ። ሌሎቹ ፈተናውን አለፉና ፒያኖውን ዘጉት። አንተም እኔም ጭምር።»

 ሲነሳ ድምፁ ለስልሶ ነበር፤ ውሳኔው ግን አልተለወጠም። ለፈተና የሚቀርቡትን ልጆች ከመጪው ዓመት ጀምሮ ለሌላ መምህር እንደሚሰጥ ነገራት። «ልክ ነዎት ወይም አይደሉም አላልኩም» አለ በሩ ላይ። «እኔ ግን ትምህርት ቤት ነው የማስተዳድረው።» እሷም አልተከራከረችውም።

ከአሥራ ዘጠኙ ስድስት ልጆች ቀሩላት። የዓመቱ ማብቂያ ላይ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስድስቱንም ከነወላጆቻቸው ቤቷ ጠራቻቸው። ፈታኝ የለም፤ ውጤት የለም። እያንዳንዱ ልጅ የሚወደውን አንድ ነገር ይጫወታል፤ እሷም ትጫወታለች። ለፋርማሲስቷም ነገረቻት፤ «ጭራሮ ልትመጣ ከፈለገች ብዬ ነው፤ ካልፈለገች ግን አልቀየምም።»

የጥርስ ሐኪሟ ልጇ ቀድማ መጥታ ወንበር ስትደረድር ቆየች፤ ከዚያ በሩ አጠገብ ያለውን ለራሷ መርጣ ተቀመጠች። ልጆቹ ሲገቡ ቤቱ ጠበበ። ሊጀመር ሲል ፋርማሲስቷ ብቻዋን ብቅ አለች።

«መኪና ውስጥ ናት» አለች ዝግ ባለ ድምፅ። «መምጣቱን መጣች፤ ግቢ ስላት ግን እምቢ አለች። ‹መስኮቱን ይክፈቱት በያቸው› ብላኛለች።»

መምህርቷ መስኮቱን ከፈተችው። መኪናዋ ከአጥሩ ውጭ በጥላው ሥር ቆማለች። ወደዚያ ብዙ አላየችም። ሄዳ ተቀመጠች፤ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አሸቻቸው፤ ጀመረች። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አዳራሹ ውስጥ ያቋረጠችው ያው ድርሰት ነው። በመሃሉ አንድ ቦታ እጇ ሊደርቅ ሲል ተሰማት።  አንድ ድምፅ ዘለለች፤ ሌላውን አበላሸች፤ ቀጠለች። እንደምንም መጨረሻው ላይ ደረሰች። ጥሩ ተጫወተች ማለት አይቻልም። ወላቃዋ ልጅ ከሁሉም ቀድማ አጨበጨበች።

ወላጆቹ ሲያጨበጭቡ መምህርቷ ተነስታ ወደ መስኮቱ ሄደች። ጭራሮ በመኪናዋ የኋላ ወንበር ላይ ጉልበቶቿን አጥፋ ተቀምጣ መጽሐፍ ታነባለች፤ ብስኩት እየበላች። የመኪናው መስታወት እስከ ታች ወርዷል። ትስማ አትስማ አይታወቅም። ቀና አላለችም።

ፋርማሲስቷ ጥቂት ቆማ፣ «እንግዲህ እንሂድ፤ አመሰግናለሁ እትዬ» ብላ ወጣች። መኪናዋ ተነስታ በመንገዱ ጫፍ እስክትታጠፍ ድረስ መምህርቷ በዓይኗ ሸኘቻት። ደረቷ ላይ የከበዳት ነገር አልቀለለላትም፤ እንዲቀልልላትም አልጠበቀችም። ከኋላዋ ልጆቹ ማን ይቅደም በሚል ሲጨቃጨቁ ሰማች።

ዞር ብላ፣ «ማን ነው የሚፈልግ?» አለች።

ሁለት ልጆች እጃቸውን አወጡ፤ ሌላ አንድ ልጅ ደግሞ የእናቱ ቀሚስ ሥር ተደበቀ። የተደበቀውን እንዳላየች አለፈችው።